ሦስት ጊዜ ያስወጣናት ዕጣ

ካህናት አባቶች፣ ዘመድ ወዳጅ ጎረቤት፤ አፈር ከመልበሳቸው በፊት የእህቴን የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ደባሱን ዜና ሕይወት እንዳነብ ያዘዛችሁት እኔን ታላቅ ወንድማቸውን መሪጌታ ገብረ ሊባኖስን ነውና፣ የጻፍሁትን እስክጨርስ ማንም እንዳያቋርጠኝ እለምናለሁ።

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ከአባታችን ከአቶ ደባሱና ከእናታችን ከወይዘሮ አስቻለች በ1940 ዓ.ም. በዚሁ በብልባላ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል ትቁጠር የሚል ስላልነበረ፣ እኔ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ስላክ እርሳቸው ውሃ ሲቀዱ አደጉ። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ለአቶ የሻው ተድረው አንዲት ልጅ ሸጌን ወለዱ፤ ባለቤታቸው ግን በ1970 ዓ.ም. በሚሊሻነት ተመልምለው ወደ ሰሜን እንደ ዘመቱ ወሬያቸው ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ጌሾና ቅቤ ገበያ አውጥተው ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣም ከልጃቸው ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማንበብ ለመዱ፤ የምስክር ወረቀታቸው ዛሬም ምሰሶው ላይ አለ። በዚህ ቅጥር ከቆማችሁት መካከል በደቦው ጠላቸውን ያልጠጣ ወይም ሲታመም ያላስታመሙት ካለ እጁን ያንሣ።

ባለፈው ጥቅምት ሆዳቸው አብጦ ሥቃይ ጸናባቸው። የላሊበላው ክሊኒክ ድሬሰር መርምሮ፣ ቶሎ ደሴ ደርሰው ኦፕራሲዮን ቢደረጉ ተስፋ እንዳላቸው፣ ከዘገየ ግን እንደሌላቸው ቁርጡን ነገረን። እስከ ኩልመስክ በቃሬዛ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጭነት መኪና ይገኛል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንኳ የይለፉን ወረቀት ሳያንገራግሩ ማኅተም መቱበት። የጠፋው ስምንት ተሸካሚ ነው፤ ወሩ የአጨዳና የውቂያ ነበርና አንዱ ገብሴ ይረግፋል አለ፣ አንዱ ወገቤን አለ፣ እኔም ጉልበቴን አልሁ።

ኅዳር 14 ቀን እቤታቸው ተሰብስበን ተከራከርን። ይሂዱ ያለ ሊሸከም ነው፤ ይቅሩ ያለ ደግሞ በነፍሳቸው ሊጠየቅ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ደፍሮ የሚናገር ወንድ ታጣ። ከመጋረጃው ጀርባ በሙሉ ልቦናቸው ተኝተው የነበሩትን እህቴን የጠየቀ የለም። የባላቸው ወንድም አቶ ከፋለ ኀጢአት የማያውቅ እጅ ዕጣውን ያውጣ ብለው የስምንት ዓመቷን ሸጌን አስጠሩ። ነጩ ጠጠር ደሴ፣ ጥቁሩ ጠጠር ቤት መሆኑን ለልጅቱ አስረድተን ዐይኗን በነጠላ ሸፈንን፤ ጠጠሮቹ ያሉበትን ቁና የያዝሁላት እኔ ነኝ።

ነጩን አወጣች። አቶ ከፋለ ጸሎት አልደረሰበትም አሉና አቡነ ዘበሰማያት ደግመን እንደገና አስወጣናት። አሁንም ነጩን አወጣች። ዕጣ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ነው ተባለ፤ ሦስተኛው ጥቁር ሆነ፤ ሁላችንም እፎይ አልን። ልጅቱ ነጠላው ሲነሣላት ፊታችን መፈታቱን አይታ «አጎቴ፣ አሁንስ ደግ አወጣሁ?» አለችኝ። እኔም አዎ አልኋት።

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ቀን ተሠቃዩ። ሸጌም ሕመሙ በበረታ ቁጥር ዕጣ ያወጣችበትን ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እየሸሸገች በግራዋ መብላት ጀመረች። እናቷ ይህን ሲያዩ እኔን አስጠርተው «ወንድም ጋሼ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ፤ ልጄ ሁለት ጊዜ ውሰዷት ብላችኋለች። ሰው በተሰበሰበበት ይንገሩላት» ብለው አማሉኝ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1975 ዓ.ም. በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ ከፋለም ትናንት ለቅሶው ላይ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ያስቀራቸው የልጅቱ ዕጣ ነው ሲሉ ዋሉ፤ እርሷም ቆማ ትሰማ ነበር።

ዛሬ ይህን ቃሬዛ ለመሸከም ስትጋፉ ወገቤን ያለ አላየሁም፤ እኔም ጉልበቴን አላልሁም።

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድም፣ እንዲሁም ብዙ ዘመድ ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው ንስሐ የምንገባበት ዕድሜ ይስጠን።

ሸጌ፣ ያን ቀን ለጠየቅሽኝ ዋሽቼሻለሁ። ደግ ያወጣሽው ሁለቱን ጊዜ ነው፤ ሦስተኛውን ያወጣነው እኛ ነን። በይ እጅሽን ከነጠላው አውጪ።