በወፍ ዋሻ ጫካ ያወጣሁት አልቅት

በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ለሽርሽር ብላ ጫካ ገባች ቢባል፣ አብዳለች ነበር የሚባለው። ጫካ የሚገባ ወይ እንጨት ሊለቅም ነው፣ ወይ ሸፍቶ ነው። ታዲያ እኔ ገባሁ፣ ያውም በጃንሆይ ዘመን፣ ያውም ከፈረንጅ ጋር፤ ስሙኝማ ልጆች።

ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ለልምምድ ተመድቤ ድሬሰርነት እየተማርኩ ነው። ታደሰ የሚባል አብሮኝ የሚማር ልጅ አለ፣ እና አና የምትባል ፈረንጅ አለች፣ አገሯ ሐኪምነት ስትማር ቆይታ በፈቃዷ ልታገለግል የመጣች። ሮቢትን ታውቋታላችሁ፣ ሙቀቷ ያቀልጣል፤ በወባ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደጃፋችንን ሞልቶት ነው የሚውል። ታዲያ አንድ አርብ አና መጣችና በዚያ አማርኛዋ፣ «አስካለ፣ ነገ ጫካ እንሄዳለህ» አለችኝ።

«የምን ጫካ?»

«ከደብረ ሲና በላይ። ወፍ ዋሻ። ብርድ አለ፣ ዝንጀሮ አለ።»

ብርድ አለ ስትለኝ ልቤ ሄደ። ታደሰ ደግሞ፣ «እኔ ከገጠር የወጣሁት በእግሬ እንዳልሄድ ነው» አለ፤ አለና ግን መጣ።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ደብረ ሲና ደረስንና ሽቅብ ወጣን። ምን ልበላችሁ፣ ዝግባው ሰማይ ይነካል፣ ጉሙ በዛፉ መሀል ይሄዳል፣ ጉሬዛው ካባውን ለብሶ ከላይ ያየናል። አና እያንዳንዱን ቅጠል እየዳበሰች «ይሄ ምንድነው?» ትላለች፤ ታደሰ «ቅጠል» ይላታል፤ «ይሄስ?» ትላለች፤ «እሱም ቅጠል» ይላታል።

ታዲያ እየሳቅን ስንወጣ፣ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲወርዱ አገኘናቸው። ቃሬዛው ላይ ወጣት ሴት ናት፣ ነጠላዋ ደም በደም። ባሏ ከፊት ነው፣ ጠመንጃ አንግቷል። ምን ሆነች ብዬ ብጠይቀው፣ «ደም መትፋት ከጀመረች ሰነበተች እህቴ፤ ሳንባዋ ነው አሉን። ዛሬ ደግሞ ትንፋሿ እምቢ አለ፣ ደብረ ሲና ላደርሳት ነው» አለኝ። አየኋት፤ ስትተነፍስ አንገቷ ሥር ይጎደጉዳል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ደብረ ሲና አትደርስም።

«አውርዷት» አልኩ። አና የእጅ ባትሪ አብርታ አፏን ከፍታ አየችና ብድግ አለች። «ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ» አለች፣ «እየሄደ ነው»። በቃ፣ ተሸካሚዎቹ አማትበው ወደ ኋላ ሸሹ፣ ባልየው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እኔ ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ከእንጥሏ ጀርባ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ነገር ይሳባል። «ሰውዬ አይደለም፣ አልቅት ነው» አልኳቸው፤ «ከምንጭ ስትጠጣ የገባ ነው።» ከብት ላይ አይቻለሁ እንጂ ሰው ላይ አላየሁም፣ ማንም አላስተማረኝም።

ባልየው፣ «ታወጪዋለሽ?» አለኝ።

«እሞክራለሁ።»

«ብትሞት ከእጅሽ ነው የምፈልጋት» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ አልጮኸም፣ እና እሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ።

አና ከሕክምና ቦርሳዋ መቆንጠጫ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ያዝኩት፣ አሟለጨኝ፤ ደግሜ ያዝኩት፣ አሟለጨኝና ወደ ውስጥ ሸሸ። ታደሰ በጆሮዬ፣ «ወደ ሳንባዋ ከወረደ አለቀላት» አለኝ። «አውቃለሁ፣ ይልቅ ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ አምጣ» አልኩት። አባቴ ከበሬ አፍ ሲያወጣ በውሃ ነበር የሚያባብለው። ታዲያ አና ሴትዮዋን ቀና አድርጋ ደገፈቻት፣ ታደሰ ጣሳውን ከከንፈሯ ሥር ያዘ፣ እኔ ጣቴን በፋሻ ጠቀለልኩና ለምሳ በያዝነው ጨው ለወስኩት። ጠበቅን። ያ አልቅት ውሃው ሸቶት መሰለኝ፣ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ተዘርግቶ ምላሷ ላይ ብቅ አለ። ቀጨም አደረግኩት። ጨው ሲነካው ተኮማተረ፣ አልለቀቅኩትም፣ እንዳይበጠስ እያባበልኩ ስስብ፣ ስስብ፣ መጣልኝ። ጣት የሚያህል፣ በደም የተነፋ።

ሴትዮዋ አየር ሳበች፣ ደግማ ሳበች፣ መልኳ ተመለሰ። እና የመጀመሪያ ቃሏ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ውሃ ስጡኝ።» ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ፣ «አይሆንም!» አላት።

ባልየው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ፣ ጫካው አስተጋባ፣ ተሸካሚዎቹ ፎከሩ። ደሙ እስኪቆምላት አረፍንና፣ «ተኚ» ብንላት፣ «በእግሬ ነው ቤቴ የምገባው» ብላ ተነሳች። ታደሰ፣ «ታዲያ ቃሬዛው ባዶውን ከሚመለስ» ብሎ ተጋደመበት፣ እየሳቁ ተሸከሙት። መንደሩ በእልልታ ተቀበለን፣ በግ ታረደልን። አና አልቅቱን ጠርሙስ ውስጥ ከታ፣ «ሰውዬው እኔ አገር ይሄዳል» እያለች ለመጣው ሁሉ ታሳያለች። የጫካውን ጫፍ ሳናይ ነው የተመለስነው፣ ማንንም አልቆጨውም።

«እማማ አስካለ፣ እውነት እዚያ ላይ አልፈሩም?»

ፈራሁ እንጂ። እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ግን አልቅቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያን ማታ ጥሬ ሥጋ እንኳ መቁረጥ አቅቶኝ ባልየው ነው እየቆረጠ ያጎረሰኝ። እጅ ደግ ነው ልጄ፣ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚፈራ። ኪ ኪ ኪ!