የጋሼ ዳኜ የጽጌ ጾም

ሽሮ ልገዛ የአበሻ ሱቆች ወዳሉበት፣ አሜሪካ ወዳለው ፌርፋክስ ጎዳና በወጣሁበት ቀን፣ አንድ ታክሲ የፊት ጎማው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ፣ አፍንጫው የመኪና ማቆሚያ ክፍያ የሚቆጥረውን ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ አየሁ። ሾፌሩ ጋሼ ዳኜ ነበሩ። በሩን ከፍተው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ከኋላ ወንበር የወረደች አንዲት ፈረንጅ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዳር ቆማለች። ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን!

ጋሼ ዳኜን የማያውቅ አበሻ በዚያ ሰፈር የለም። ጊዜው በፈረንጅ 1988፣ ጥቅምት፣ የጽጌ ጾም ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ የሻው ይጾመዋል፣ ያልሻው ይተወዋል። እሳቸው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ መዋላቸውንም ሳይናገሩ አያድሩም። በምሳ ሰዓት ወይዘሮ ሮማን ምግብ ቤት ብቅ ይሉና፣ የሚበላውን ሁሉ እያዩ «ብሉ፣ ብሉ፤ አሜሪካ ነው!» ብለው ይወጣሉ። አቤት፣ ስንቱን አሳቀቁት!

ከምግብ ቤቱ አጠገብ ቅመም የምትሸጠውን ሕንዳዊቷን ሳሮጅንም አልማሯትም። እሷም ናቫራትሪ የሚሉትን የሂንዱ በዓላቸውን እየጾመች ነበር። «ወተት እየጠጡ፣ ሙዝ እየላጡ ምን ጾም አለ? ይሄማ ድግስ ነው» ብለው ደንበኞቿ ፊት ስቀውባታል።

አሁን የብርቱካን ጭማቂ አፋቸው ላይ የያዘችው እሷው ናት። ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ። «ዘጠኝ አልሞላም» አሉ ባልጠራ ድምፅ።

«ድሪንክ፣ ብራዘር!» ብላ ተቆጣች። ጠጡ።

ቀስ ብለን ወደ ሱቋ አስገባናቸው። የእህታቸው ልጅ ወሰንየለሽ፣ ነርሲንግ እየተማረች ሮማን ቤት የምትሠራው፣ ሽርጧን ሳትፈታ ሮጣ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ጠዋት ኪኒንህን ወስደሃል?»

«የምን ኪኒን?» አልኩ እኔ። በጋሼ ፈንታ ወሰንየለሽ መለሰች።

«የስኳር። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ሐኪም ያዘዘልኝን አላጓደልኩም፤ ውጫለሁ» አሉ ጋሼ።

«እሱን ነው የምልህ! ኪኒኑ ስኳርህን ያወርዳል። አንተ ደግሞ ምንም አልበላህም። ስለዚህ ያለችህንም ጥቂት አሟጠጠና አዞረህ።»

«እንግዲያው ኪኒኑን ልተወዋ!»

«ኧረ በስመ አብ! ያኔ ደግሞ ስኳርህ ሽቅብ ይወጣል። ዶክተርህን ሳትጠይቅ መድኃኒት አትተውም።»

«እናቴ እስክታረጅ ጾማለች። ምን ሆነች?»

«ስኳር ነበረባት? ታክሲስ ድራይቭ ታደርግ ነበር?»

እኔም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነኝና ጣልቃ ገባሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን አታስገድድም። ንስሐ አባትዎን ጠይቀዋል?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ፣ መምህር? ታምሜአለሁ ብዬ?»

በሽታውን የደበቁት ከእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ከቄሱም ደብቀውታል!

ሳሮጅ አማርኛችንን ባትሰማም ነገሩ ገብቷታል። የተናገረችውን ወሰንየለሽ ተረጎመችልን። «ባሌ ስኳር አለበት፤ በበዓሉ አይጾምም፣ ጸሎቱን ብቻ ያደርሳል። እኔ ሐኪሜን ጠይቄ ነው የምጾመው። ውኃ እጠጣለሁ፤ ፍራፍሬ፣ ወተትና ቅቅል ድንች በሰዓቱ እበላለሁ፤ ማታ በዘይት የተጠበሰ ነገር አላግበሰብስም። ካዞረኝ አቆማለሁ። እናታችን ለምንላት ለሴቷ አምላክ የምሰጣት ልቤን ነው፤ ወድቄ የተሰበረ ጭንቅላቴን ምን ታደርግበታለች?»

«ወተቱስ?» አሉ ጋሼ፣ አሁንም።

«ወተቱ የእነሱ ሥርዓት ነው!» ወሰንየለሽ ትዕግሥቷ አለቀ። «ላንተ ምስር አለልህ፣ ጎመን አለልህ። ጾም አትጹም ያለህ የለም፤ ሰዓቱን ነው የምትተወው።»

ጋሼ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ሴትዮዋ ሕፃኗን አቅፋ ሌላ ታክሲ ውስጥ ትገባለች።

«ሕፃኗን አዩአት፣ መምህር? ልገድላት ነበር እኮ! ስለ ነፍሴ ብዬ እንዳልል፣ ስለ ነፍሴም አልነበረም። ‹ዳኜ ብርቱ ነው› እንድትሉኝ ነው። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

አላጽናናኋቸውም። ማፈር ነበረባቸው። ተነሥተው ለሳሮጅ እጅ ነሡና «ሲስተር፣ ሶሪ» አሉ።

በማግሥቱ ሄደው ሲጠይቁ፣ ሐኪማቸው በልተው እንዲውሉ፣ ቁርስ ሳይቀምሱም መሪ እንዳይጨብጡ አስጠነቀቃቸው። ንስሐ አባታቸውም የጾሙን ምግብ በሰዓቱ እንዲበሉ ፈቀዱላቸው። አንባቢዬ ሆይ፣ እንዲህ የጾመ ሰው ጤናውንም ጸሎቱንም ይጠብቃል፤ ተሳፋሪውም በሰላም ይገባል። ከዚህ ምን ይጎድላል?

የቀረው የሰው ዓይን ነበር። በሳምንቱ፣ በምሳ ሰዓት፣ ጋሼ ሮማን ቤት ገቡ። ሰው ሁሉ ተረቡን ጠብቆ ጉርሻውን ያዘ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሮማን፣ ምስርና ጎመን አምጪልኝ።»

የታክሲ ባልደረባቸው አሥራት፣ እሳቸውን አይቶ ጾም የጀመረው፣ «ጋሼ፣ ዘጠኝ ሆነ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ጋሼ ፊታቸው ቀላ። ብድግ አሉ።

«አልሆነም። ስኳር አለብኝ። ደብቄያችሁ ጾሜ፣ እናትና ልጅ ጭኜ ራሴን ስቻለሁ።»

ተቀመጡና መብላት ጀመሩ። ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። ጥቂት ቆይቶ አሥራት ወንበሩን ይዞ መጣና ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለ።

«ጋሼ… እኔም አለብኝ።»

ጋሼ ትሪውን ወደ እሱ ገፉት። «እጅህን ታጠብና ቅረብ» አሉት። «ነገ ሐኪም ቤት እኔ ነኝ የምወስድህ።»