የአያ ሰጠኝን መሪ ስለ ማጥበቄ የሰጠሁት ቃል

የምስክር ስም፦ ናስር ዐብዱልከሪም
ዕድሜ፦ 36 ዓመት
ሥራ፦ የምስማርና የቆርቆሮ ነጋዴ
አድራሻ፦ ጎንደር፣ ፀዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ የካቲት 10 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ባምላክ በላይ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ ከጎንደር በአውቶቡስ ተሳፍሬ ወደዚህ የደባርቅ ፖሊስ ጣቢያ መጥቻለሁ። የመጣሁትም ባለፈው ሰኞ ከደባርቅ ወዲያ ባለው ቁልቁለት ገደል ገብተው ስለሞቱት ጎረቤቴ ስለ አያ ሰጠኝ በላቸው ለማስረዳት ነው። በሬህን መንገድ ላይ ለቀህ ሰው ገደልክ ተብሎ የታሰረው ገበሬ ክንዱ ገብረ ሚካኤል ጥፋት የለበትም። በሬው የሠራው ሥራ መንገድ መሻገር ብቻ ነው። የቀረውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወደ ጣቢያው ስገባ ከተጨፈለቀችው መኪና ጎን አንድ ቀይ ሙክት ታስሮ አይቼ ፊቴን አዙሬ አልፌያለሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ።

መርማሪው መኪናዋ ጉድለት ነበረባት ወይ ብለው ጠይቀውኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነበረባት፣ በሞቱበት ቀን ግን አልነበረባትም ስል መልሻለሁ። መርማሪው ብዕራቸውን አስቀምጠው "ተው እንጂ አቶ ናስር፣ በቅደም ተከተል" ስላሉኝ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

የሟች ግቢ የመኪና መግቢያ ስለሌለው አሮጌ ነጭ ፒክአፓቸውን የሚያሳድሩት በእኔ ግቢ ነበር። የመኪናዋ መሪ ላልቷል። ስንዝር ያህል ካላዞሩት ጎማው አይሰማም። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ እጃቸው ወተት እንደሚንጥ ሰው ግራ ቀኝ ይል ነበር። አንድ ቀን አብሬያቸው እስከ አይከል ሄጄ ፋቲሐን ስንት ጊዜ እንደቀራሁ አላስታውስም። በዚያው ዕለት "አያ፣ ይህን መሪ ጋራዥ ምነው ባያሳዩት?" ብላቸው፣ "እኔና እሷ ተግባብተናል። አንተ ሚስትህ ባመለች ቁጥር ጋራዥ ትወስዳታለህ?" ብለውኛል። ይህንኑ ለባለቤቴ ለረውዳ ስነግራት፣ "አንተም ተግባባ" ከማለት በቀር አስተያየት አልሰጠችም።

እሁድ ጥር 29 ቀን ሟችና ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ ለቅዳሴ ሄዱ። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ስለሚቀመጡ እስከ ከሰዓት እንደማይመለሱ አውቃለሁ። እሁድ ለእሳቸው ሰንበት ነው፤ ለእኔ የሥራ ቀን ነው። ምስማር ሻጭ ብሆንም የአባቴን የጭነት መኪና ስፈታና ስገጥም ያደግሁ ነኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ለጎማዎቹ ድንጋይ ደግፌ፣ ረውዳን ከመሪው ፊት አስቀምጬ ግራ ቀኝ እንድታወዛውዝ አደረግሁ። እኔ ከሥር በጀርባዬ ተኝቼ የሚነቃነቀውን ፈለግሁ። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ጫፉ ተበልቶ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይወዛወዝ ነበር፤ አስቀድሜ ገዝቼ በደበቅሁት አዲስ ለወጥኩት። ከዚያም በመሪው ሳጥን ራስ ላይ ያለውን ዳዶ አላልቼ፣ የማጥበቂያዋን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። ስንዝር የነበረው ክፍተት አንድ ጣት ሆነ። ረውዳ "አሁንስ ገና ሳስበው ይዞራል" አለች። እጄን ታጥቤ ዙህርን ሰገድኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህ ደስ ብሎኝ ነበር የሚለው ቃል እንዳይቀር ጠይቄ ተጽፎልኛል።

በማግስቱ ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሟች መኪናዋን ሲያወጡ እንደ ልማዳቸው ስንዝር አዙረው ከግቢዬ በር ምሰሶ ጋር አሳሳሟት። ወርደው አንድ ጊዜ ዞሯት። "ናስር፣ ይህች ልጅ ምነው ዛሬ ድንጉጥ ሆነች?" አሉኝ። "እኔ እንጃ አያ፣ ብርዱ ይሆናል" አልኳቸው።

ለምን እንደዋሸሁ ተጠይቄ ይሉኝታ ይዞኝ ነው ብያለሁ። በሰው መኪና ሥር ሳያስፈቅዱ ገብቶ መውጣት ሽማግሌን ተኝቶ ሳለ ጢሙን እንደ መላጨት ነው። ቀን ጠብቄ በጨዋታ መካከል ልነግራቸው ነበር። ሳምንቱን ሁሉ በዝግታ ሲነዱ አይቼ ለመዱት ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ የካቲት 5 ቀን ሳሙናና ጨው ጭነው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ መካነ ብርሃን ሄዱ። ሰኞ ሲመለሱ 9 ሰዓት ገደማ የክንዱ በሬ ከማሳው ወጥቶ መንገድ ሲያቋርጥ ደረሱበት። ክንዱ በሰጠው ቃል መኪናዋ በሬውን የምታልፍበት በቂ ቦታ እንደነበረ፣ ሹፌሩ ግን ከሚገባው በላይ ወደ ገደሉ እንደታጠፉ መናገሩን መርማሪው አንብበውልኛል። ክንዱ እውነቱን ነው። ሳምንት የለመደ እጅ በድንጋጤ ጊዜ አይገኝም፤ የሚገኘው የአሥራ አንድ ዓመቱ እጅ ነው። እሱም ስንዝር አዞረ። መኪናዋ ስንዝሩን ሙሉውን ሰማች።

ማክሰኞ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ወይዘሮ እቴነሽ አስጠሩኝ። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቶ ነበር።

"ናስር፣ በጉ ደረሰህ?" አሉኝ።

"የምን በግ እትዬ?"

"እሱማ ያን ዕለት ገና ከበርህ ሲወጣ አውቋል። 'ይህ የናስር እጅ ነው፤ ሸጋ አድርጎ ሠርቷታል' ብሎኝ ሲስቅ አመሸ። 'እንዳወቅሁበት አትንገሪው፣ ልጁ ያፍራል። ከአገር ቤት ሙክት ከነነፍሱ አመጣለትና ያን ጊዜ ይገባዋል' አለኝ።"

ከነነፍሱ ያሉበትን ምክንያት መርማሪው ቢያውቁትም ለመዝገቡ አስረዳለሁ። እሳቸው ያረዱትን እኔ አልበላም፣ እኔ ያረድኩትን እሳቸው አይበሉም። ስለዚህ በጉርብትናችን ሁሉ ሥጋ ተሰጣጥተን አናውቅም። የሚወድ ሰው እንስሳውን በእግሩ ይሰዳል፤ ተቀባዩ በራሱ ቢስሚላህ ያርዳል። ከመኪናዋ ጋር ገደል ገብቶ በሕይወት የተረፈው፣ በዚህ ጣቢያ ባለቤቱ ያልታወቀ ተብሎ የተመዘገበው ቀይ ሙክት የእኔ ነው።

እኔ እንዳይከፋቸው ዝም አልኳቸው፤ እሳቸው እንዳላፍር ዝም አሉኝ። አንዳችን ብንናገር ኖሮ አንድ ከሰዓት አዘዞ ሜዳ ወስጄ እጃቸውን አስለምድላቸው ነበር። አንድ ከሰዓት ይበቃ ነበር።

መርማሪው መሪ አስተካክሎ መገኘት የሚያስጠይቅ አንቀጽ እንደማያውቁ ገልጸው ሻይ አዘውልኛል። እኔም አንቀጹ እንዲፈለግልኝ፣ ካልተገኘም ክንዱ ወደ በሬው እንዲመለስ አመልክቻለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩት ወሬ፣ የሸሸግሁት ጥፋት የለም። ከሳምንት በላይ ዘግይቶ ከመነገሩ በቀር ሁሉም እውነት ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ናስር ዐብዱልከሪም
የመርማሪ ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን ባምላክ በላይ

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ክንዱ ገብረ ሚካኤል በዚሁ ዕለት 8 ሰዓት ላይ በዋስ ተለቋል። ምስክሩ በጉን እንዲረከብ ቅጽ ቢቀርብለት "አያ በእጃቸው ሳያስይዙኝ እንዴት ላርደው?" ብሎ ሳይፈርም ወጥቷል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከገበያ አንድ እስር ሣር ይዞ ተመልሶ፣ ይህ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ በጉን በእጁ እያበላ ይገኛል።