የአለቃ ጣትና የጋሽ ድራም እግር

የመነጽራቸው ዘንግ ባይሰበር ኖሮ አኮርዲዮን ተጫዋቹ አለቃ ያን ዕለት እዚያ ሕንጻ ባልገቡም ነበር። መነጽር ጠጋኙ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን እያለከለኩ ሲወጡ ከአንድ በር ጀርባ የራሳቸው አኮርዲዮን ሲጫወት ሰሙ። ሰው የገዛ ሙዚቃውን ከማያውቀው ቤት ሲሰማ መደንገጡ አይቀርምና ሳያንኳኩ ገቡ።

ውስጥ የእህታቸው ልጅ ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጣለች። ስለ ሙዚቃ ቡድናቸው ዘጋቢ ፊልም እየሠራች ነው፤ ፈቃዱንም የሰጧት ራሳቸው ናቸው። የልምምዱን ቀን እንደምታስገባው ግን አላወቁም ነበር።

የልምምዱ ቀን ነገር እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቡድኑ ዋናውን ዘፈን ሲለማመድ መሃል ላይ ምቱ ተፋለሰ። አለቃ አኮርዲዮናቸውን ዘግተው የአርባ ዓመት ጓደኛቸውን፣ ድራም መቺውን ጋሽ ድራምን በሰው ፊት፣ «ጆሮህ ከድቶሃል» አሏቸው። እውነትም የጋሽ ድራም ጆሮ ደከም ብሏልና አመኑ። መምቻዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቤታቸው ገቡ፤ በዚያው ቀሩ። ፊልሙ የሚታይበትና ቡድኑ የሚጫወትበት የቅዳሜው ዝግጅት ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በጋሽ ድራም ቦታ የድራም ማሽን ሊመታ ነው።

አለቃ ገና ሳይቀመጡ ክሳቸውን ዘረዘሩ። በእሳቸው ዘመን ካሜራ እንደ ጨዋ እንግዳ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ሙዚቀኛው ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ይታያል፤ ዘፈኑ ተጀምሮ እስኪያልቅ ማንም አያቋርጠውም። ልምምድ ደግሞ ጓዳ ነው፤ ጓዳ ለእንግዳ አይከፈትም። ይህቺ ልጅ ግን ዘፈኑን እንደ ሽንኩርት ከትፋዋለች፦ አንዴ እግር፣ አንዴ ጣት፣ አንዳንዴም የሰው ማጅራት።

«ለመሆኑ ፊቴ የት ሄደ?» አሉ። «ሰው ፊት እያለው ጣቱን ማሳየት ምን ይሉታል?»

«ጋሼ፣ ፊትዎ ካሜራ ሲያይ ይጠነቀቃል። ጣትዎ ግን ከሙዚቃው በቀር የሚያስበው ነገር የለም።»

መልሷ ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን እንዳታውቅባቸው ግን ኮስተር አሉ። እሷም መጀመሪያ ከሩቅ የተቀረጸውን አሳየቻቸው። አምስቱም ሙዚቀኞች ይታያሉ፣ ምቱ ይፋለሳል፣ ማን እንዳፋለሰው ግን አይለይም። ቀጥላ ከቅርብ የተቀረጹትን ሁለቱን ጎን ለጎን ልታደርጋቸው ስትል አለቃ አቋረጧት።

«መቼም መቁረጥና መቀጠል ታውቂበታለሽ። የዛሬን እግር ከትናንት ጣት ጋር ብትሰፊው ማን ያውቅብሻል?»

ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ የተማረ ሰውም ሳይጠይቀው ፊልም አይቶ ይወጣል።

«ልክ ነዎት፤ የፊልም ቅንብር ሊዋሽ ይችላል» አለች። «ልምምዱ ሲጀመር አንዴ ያጨብጭቡልኝ ያልኩዎት ለዚህ ነው። ሁለቱም የቅርብ ካሜራዎች ጭብጨባውን ይዘውታል። እጅዎ የገጠመበትን ቅጽበት አገናኝቼ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ሳልቆርጥ ላሳይዎት።»

አለቃ ጭብጨባውን የዘመኑ ልጆች ምርቃት መስሏቸው ነበር።

በግራ በኩል የጋሽ ድራም እግር፣ በቀኝ የአለቃ ጣት። እግሩ ሳያዛንፍ ይረግጣል። ጣቱ አንድ ቁልፍ ሳተ፤ ሊያርም ሲል ዘገየ። እግሩ ግን እንደ ወትሮው ረገጠ። «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ድምፁን አጥፍታ አሳየቻቸው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይብስ ጎላ።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያሉ አለቃ ስንቱን ጀማሪ ተርተውበታል። ለራሳቸው ሲደርስ ግን አልዋጥ አላቸው። አፈሩ።

«ልምምዱን በሞላ አውጪው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከፊልሙ ላወጣው እችላለሁ፣ ጋሼ። ከጋሽ ድራም ልብ ግን ማውጣት አልችልም።»

አለቃ የተሰበረ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከትተው ወጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ድራምን በክንዳቸው ደግፈው ተመለሱ። ስክሪኑ ላይ ያዩትን ሁሉ በመንገድ ላይ ነግረዋቸዋል፤ ይቅርታም ጠይቀዋል።

ጋሽ ድራም ቅጂውን ድምፁ ጠፍቶ አዩት። ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ፣ ስክሪኑ ውስጥ ከሚረግጠው እግራቸው እኩል ይመታሉ። ያቺ ቦታ ስትደርስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አንተ ሰው፣ እዚህች ቦታ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ትዘገያለህ» አሉ። «እኔም አርባ ዓመት እጠብቅሃለሁ። ያን ቀን በደንብ ስላልሰማሁህ ሳልጠብቅህ አለፍኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ አለቃ።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር? እንግዲህ መስማት ቢያቅተኝ ማየት አላቃተኝም። ጣትህን የማይበት ቦታ አስቀምጠኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ልምምድ ይቀረጻል፤ ምት ሲፋለስ ሰው ከመውቀስ ይልቅ መልሶ ማየት ደንብ ሆኗል። ጠብ ቀነሰ፣ ጀማሪው ከትልቁ ስህተት ይማራል፣ ትልቁም ከጀማሪው ፊት መሳሳት ሞት እንዳልሆነ አወቀ። ጣትን የሚያህል ትንሽ ነገር ቀርቦ ማየት አርባ ዓመት የተሸፈነ ደግነት እንደሚገልጥ አለቃ ራሳቸው ለሰው ሁሉ ያወራሉ።

በዚያች ቅዳሜ ፊልሙ የልምምዱ ቀን ሳይቀነስበት ታየ። ከዚያ ቡድኑ መድረክ ላይ ወጣ፤ ድራሙ እንደ ወትሮው ከኋላ ሳይሆን ከአኮርዲዮኑ ጎን ነበር። ያቺ ቦታ ስትቃረብ አዳራሹ በሞላ ወደ አለቃ ጣት አየ። ጣቱ ዘገየ። የጋሽ ድራም እግር አየር ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ሁለቱም እኩል ወረዱ።