በሰይድ ስም ያጸደቅኩት መሬት

የሥራ ባልደረባዬ ሰይድ በከፈተው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እሱ በሌለበት፣ የመሬት ምዝገባ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ከሚሴ ባለው የመሬት ቢሯችን ፕሮግራሙ የእያንዳንዳችንን የይለፍ ቃል ከማዕከል በኢንተርኔት አጣርቶ ነው የሚያስገባን፤ ለእኔ መመዝገብ ብቻ፣ ለእሱ ማጽደቅም ተፈቅዷል። ዓርብ ለጁምዓ ሰላት ሲወጣ ሳይዘጋው ሄደ። ባለጉዳይ በር ላይ ሲንጫጫብኝ፣ በእሱ ወንበር ተቀምጬ አጸደቅኩ። በጥድፊያ የአንዲት የጨፋ ሮቢት እናት ስም ቀርቶ መሬቱ በወንድሟ ስም ብቻ አለፈ።

ሰኞ ኃላፊያችን ሰይድን ጠራው። «ኮምፒውተሩ ያጸደቅከው አንተ ነህ ይላል።»

«ወላሂ፣ በዚያ ሰዓት መስጊድ ነበርኩ!»

«ታዲያ ጣትህን እዚህ ትተህ ነው የሰገድከው?»

ቢሮው በሳቅ ሞላ። ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። «እህት ዓለም፣ ስወጣ አይተሽኝ የለ? ንገሪያቸው እንጂ።»

«ልብ አላልኩም» አልኩ።

የሴትዮዋ ስም በማግስቱ ተስተካከለ። ሰይድ ግን ከቦታው ተነሥቶ ወደ ባቲ ተዛወረ። እስከ ዛሬ ልደውልለት ስልኬን አነሣና ቁጥሩን አውጥቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ፣ አፉ በሉኝ።