ለፎቶ የተፈለገች እናት

(ኤድመንተን፣ ካናዳ፤ የፌዴራል ምርጫው ዕለት ከሰዓት በኋላ። አጸደ የቀድሞ ባሏን የይልማን ታናሽ ወንድም አሰግድን የአፓርታማዋ በር ላይ አቁማዋለች፤ እሱ የተወዳዳሪው ወንድሙ ፎቶ የታተመበትን ካናቴራ ከሹራቡ በላይ ደርቧል።)

አጸደ፦ ጫማህን አታውልቅ፣ አትገባም።

አሰግድ፦ እትዬ አጸደ፣ በእመብርሃን! እማማን ኮቷን አልብሼ፣ ደግፌ መኪና ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ትመርጣለች፣ ከልጇ ጋር ፎቶ ትነሣለች፣ ከዚያ እራት ሳይደርስ እመልስልሻለሁ።

አጸደ፦ እንደ ድግስ ድስት! ተውሰው ሲጨርሱ አጥበው የሚመልሱት።

አሰግድ፦ እንደሱ አትበይ እንጂ። ልጇ እኮ ነው። ለፓርላማ የሚወዳደር ልጅ ያላት እናት በዚህ ከተማ ስንት አለች?

አጸደ፦ እሺ፣ ልጇ የት አለ?

አሰግድ፦ ምርጫ ጣቢያው ጋ ነው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ። ጋዜጠኞች እየጠበቁት ነው። እማማን በክንዱ ይዞ ሲገባ ሊያነሱት ነው።

አጸደ፦ ማንን ነው የሚያነሱት? እኔ የማውቀው ሰው ይልማ ነበር የሚባለው። በየበረዶው ላይ የተከላችሁት ሰሌዳ ደግሞ «ዊል» ይላል።

አሰግድ፦ ለፈረንጆቹ አፍ እንዲመች ነው። አማካሪዎቹ ናቸው እንደዚያ ያሉት።

አጸደ፦ አባትህ ያወጡለትን ስም ግራና ቀኙን ከርክሞ የውሻ ስም አስመሰለው። ታዲያ ዛሬ ደግሞ አማካሪዎቹ እናት ያስፈልግሃል አሉት?

አሰግድ፦ እነሱማ ያልመከሩት ነገር የለም።

አጸደ፦ አሉት ማለት ነው።

አሰግድ፦ «ቤተሰብ ወዳድ መሆኑ ይታይ» ነው ያሉት። ፉክክሩ አንገት ላንገት ነው፣ እትዬ። በአንድ እፍኝ ድምፅ ሊያልፍም ሊወድቅም ይችላል። ከጠዋት ጀምሮ ሽማግሌና አሮጊት ሳመላልስ ወገቤ ተቆረጠ። አንድ ሰው ነው የቀረኝ፤ እሷም የገዛ እናቴ ናት።

አጸደ፦ ቤተሰብ ወዳድ! ወይ አለማፈር! ሰው ሲፋታ ዕቃ ይካፈላል። እኛ ቤት ሶፋው ለእሱ ደረሰ፣ እናቱ ለኔ ደረሰች። «አዲሱን ቤት እስካደራጅ ለሁለት ሳምንት ያዥልኝ» ብሎ ሻንጣዋን እዚህ፣ አንተ የቆምክበት ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሁለት ሳምንቱ ይኸው ስንት ክረምት ወለደ።

አሰግድ፦ እሱ ሊወስዳት ፈልጎ ነበር። ባለቤቱ ናት የወጥ ሽታ ያመኛል ያለችው።

አጸደ፦ ታዲያ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ በየማዕዱ እጁን ሲሰድ፣ ዶሮ ወጥ እየጎረሰ ፎቶ ሲነሣ ማንን አመመ?

አሰግድ፦ እሱን ተይው። ለሕዝባችን የሚያስበውን እይለት። ወላጅ ማስመጣት ያለ ብዙ ውጣ ውረድ እንዲፈቀድ እታገላለሁ ብሏል። ወረቀቱ ላይ አላነበብሽም?

አጸደ፦ አንብቤዋለሁ። እያነበብኩ እሷን አያታለሁ። ያስመጣትን የት እንዳደረሳት እያየን፣ ያላስመጣቸውን እናቶች ሊያስመጣልን! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሰግድ፦ አንቺ ከመጀመሪያውም አይንሽ አይወደውም።

አጸደ፦ አይኔማ ወዶት ነበር፤ የአይኔ ጥፋት ነው። አንተን ግን ምን ነካህ? በዚህ ብርድ ፊቱን ደረትህ ላይ ለጥፈህ የምትዞረው?

አሰግድ፦ ወንድሜ ነዋ።

አጸደ፦ ሌላስ?

አሰግድ፦ … ካለፈ እዚህ የሚከፍተውን ቢሮ አንተ ትይዘዋለህ ብሎኛል። ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስቆልል እስከ መቼ? እንግሊዝኛዬ እንደሆነ አላነሰም። እኔስ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ አይገባኝም?

አጸደ፦ ተው ታዲያ እንደሱ በል! ውሻ በበላበት ይጮኻል።

አሰግድ፦ ገና አልበላሁም እኮ።

አጸደ፦ ያልበላ ውሻማ ሲጮኽ አንጀት ይበላል።

አሰግድ፦ ስደቢኝ፣ ጥገቢ። ግን እማማን ስጪኝ። ቆይ፣ አንቺ ራስሽ ለምን ተቀበልሻት? በሕግ አትገናኙ፣ በሥጋ አትገናኙ። «አልፈልግም» ብትይ ማን ይፈርድብሽ ነበር?

አጸደ፦ አብረን በምንኖርበት ጊዜ ይልማ ውጭ ሲያድር መስኮት ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ሌላ አማት ብትሆን «ታገሺ ልጄ፣ ወንድ ነው፣ ይመለሳል» ትለኝ ነበር። እማማ ትርንጎ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «የወለድኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ፤ አይረባም። ተኚ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ናት። ሕጉን እሱ ይዞት ይዙር።

አሰግድ፦ እንደሱ ብላ ታውቃለች?

አጸደ፦ ብላለች። አንተም ቶሎ ቶሎ ብትመጣ ብዙ ነገር ትሰማ ነበር።

አሰግድ፦ እሺ፣ ልክ ነሽ። እኔም ጠፍቻለሁ። ግን አሁን ሰዓቱ እየሄደ ነው። ወደ ውስጥ ግቢና አንዴ ብቻ ጠይቂያት። እምቢ ካለች እሄዳለሁ።

አጸደ፦ አሰግድ፣ እምቢ ያልኩት እኔ መሰልኩህ?

አሰግድ፦ ታዲያ ማን ነው?

አጸደ፦ ትናንት ደውለህ «ነገ ለምርጫ ልንወስዳት ነው» አላልክም? እሷ የሰማችው «ይልማ ሊወስደኝ ነው» ብላ ነው። ከንጋት ጀምሮ ለብሳለች። ያንን አረንጓዴ ጥለት ያለውን ቀሚሷን አውጪልኝ አለችኝ፣ ፀጉሬን ጎንጉኝልኝ አለችኝ። ቁርስ እንኳ የበላችው ቀሚሷ እንዳይነካ ፎጣ ደርባ ነው። እዚያች መስኮት ላይ ተቀምጣ የመጣ መኪና ሁሉ የሱ ሲመስላት ዋለ።

አሰግድ፦ ውይ…

አጸደ፦ ያንተ መኪና ሲቆም ቀና አለች። ስትወርድ አየችህና «ትንሹ ነው» አለች። ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈችና አልጋዋ ላይ አስቀመጠችው።

አሰግድ፦ «ትንሹ ነው» አለች?

አጸደ፦ ከዚያ «ሂጂና በይው፣ እግር ያለው ልጅ ወልጃለሁ፤ ደረጃውን ራሱ ይውጣ። አለዚያ አልሄድም» አለችኝ። አንተን በር ላይ ያቆምኩህ እሷን አይተህ እንዳትለማመጣት ነው። ከለመንካት ታዝንልሃለች፣ ካዘነችልህ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ያንን ማየት አልፈልግም።

አሰግድ፦ ትምህርት ቤቱ እኮ ቅርብ ነው። መጥቶ ይዟት መሄድ ይችላል። በመኪና ምን አላት!

አጸደ፦ ደውልለታ። እዚሁ ፊቴ ደውልለት።

አሰግድ፦ (በስልክ) ወንድምጋሼ! … አዎ፣ በሩ ላይ ነኝ። … አይ አይ፣ አጸደ አይደለችም የከለከለችው። እማማ ራሷ ናት። «ራሱ ይምጣ» እያለች ነው። … ከንጋት ጀምሮ ለብሳ ስትጠብቅህ ዋለች አሉ። … ቅርብ እኮ ነው፣ ብቅ ብለህ ብትይዛት። … አውቃለሁ፣ ካሜራዎቹ ቆመዋል፣ አውቃለሁ። … ማን? … እንዴት ማለት? … ወንድምጋሼ፣ ሴትየዋ እኮ እናትህ አይደሉም! … እሺ። … ሰማሁ አልኩህ እኮ።

አጸደ፦ ምን አለህ?

አሰግድ፦ ምንም። ሥራ በዝቶበት ነው። ሊደርስ አልቻለም።

አጸደ፦ አሰግድ።

አሰግድ፦ ተይው በቃ።

አጸደ፦ እዚህ አገር የገባህ ለት ካልሲህን ያጠብኩልህ እኔ ነኝ። ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ምን አለህ?

አሰግድ፦ … «እማማ ፋናዬ እዚህ ሰልፍ ላይ ናቸው» አለኝ።

አጸደ፦ የትኛዋ ፋናዬ? የቤተ ክርስቲያናችን?

አሰግድ፦ አዎ። «ጥልፍ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ሽበታቸውም ያምራል። እሳቸውን በክንዴ ይዤ እነሣለሁ። ፈረንጅ አይለያቸውም» አለኝ።

አጸደ፦ ፈረንጅ አይለያቸውም!

አሰግድ፦ «አንተም እዚያ ጊዜህን አታቃጥል፣ ሌሎች መራጮች አምጣ» ብሎ ዘጋው።

አጸደ፦ በቃኝ! እኔ እንኳ፣ የተፈታሁት ሴትዮ፣ ይህን ያህል አላሰብኩበትም። እናቱን ሰልፍ ላይ በቆመች ሴት የቀየረ ሰው ኦታዋ ሲገባ እኛን በምን ሊቀይረን ነው?

አሰግድ፦ ተይ፣ ትሰማሻለች።

አጸደ፦ ጆሮዋ ደክሟል፣ አትሰማም። እግዜር አንዳንዴ ለሰው አስቦ ነው የሚያደነቁረው።

አሰግድ፦ እሺ አሁን ምን ልበላት? ገብቼ ልንገራት?

አጸደ፦ እንዳትሞክራት! ሥራ ያዘው እላታለሁ። ታምነኛለች ማለቴ አይደለም፤ ያመነች ትመስላለች፣ እኔም እንዳመነችኝ ሆኜ አልፋለሁ። በዚህ ቤት ስሙ በተነሣ ቁጥር እንደሱ ነው የምናደርገው።

አሰግድ፦ እኔ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት አዝሎ ያደርሰኝ ነበር እኮ። ወንዝ ሲሞላ። ያ ሰው ነው ይሄ?

አጸደ፦ እንጃ። ያኔ የሚያየው ሰው ነበር?

አሰግድ፦ መንደሩ በሙሉ ነዋ። «ጎበዝ፣ ወንድሙን አዝሎ» እያሉ ነበር…

አጸደ፦ (ዓይኗን ደረቱ ላይ ካለው ፎቶ ወደ ፊቱ ታነሣለች።)

አሰግድ፦ ተይ፣ እንደሱ አትዪኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ?

አጸደ፦ አንተን ምንም አላልኩህም። ይልቅ ያንን ካናቴራ አውልቅ። ፊቱን እያየሁት ማውራት አልቻልኩም። ምርጫ ጣቢያም በሱ አያስገቡህም።

አሰግድ፦ ምርጫ ጣቢያ? ቀረ አይደል እንዴ?

አጸደ፦ የቀረው ፎቶው ነው፤ አልሄድም ያለችውም ለፎቶው ነው። ጋዜጠኞቹ ሲበተኑ እሷን እኔ ይዣት እሄዳለሁ፤ አንተ መኪናውን ትነዳለህ። እማማ ዛሬ መምረጧ አይቀርም። ዜግነቷን የወሰደች ለት ባንዲራውን ይዛ የሳቀችው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

አሰግድ፦ ማንን ነው የምትመርጠው?

አጸደ፦ ማንን ይመስልሃል?

አሰግድ፦ እሱን? ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ካስጎለታት በኋላ?

አጸደ፦ ጠዋት ፀጉሯን ስጎነጉን ነው የነገረችኝ። «ቢመጣም ባይመጣም የሱን ስም አሳዪኝ» አለችኝ። እኔም እንዳንተ ነው ያልኩት፤ «አይረባም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም ወይ?» አልኳት። «የሚረባውንማ ሁሉም ይመርጠዋል። የማይረባውን እናቱ ካልመረጠችው ማን ይመርጠዋል?» አለችኝ።

አሰግድ፦ ወይኔ እናቴ!

አጸደ፦ እኔም ማበጠሪያውን አስቀምጬ ጉንጉኗን ጨረስኩላት።

አሰግድ፦ ግን የፈረንጅ ፊደል አታነብም። ማን ነው የሚያሳያት?

አጸደ፦ እኔ ነኛ። ረዳት ይፈቀዳል። ድምፅዋን ላልናገር፣ እንዳለችኝ ላደርግ ቃል ገብቼ መከለያው ውስጥ አብሬያት እገባለሁ።

አሰግድ፦ አንቺ? አንቺ በዚህ ጣትሽ የይልማን ስም?

አጸደ፦ በዚሁ ጣቴ። ቀለበቱን ባወለቅኩበት። ጣቴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር፤ ግን አሳያታለሁ።

አሰግድ፦ ዝቅ አድርገሽ ሌላውን ስም ብታሳዪያትስ? ማን ያውቅብሻል?

አጸደ፦ እሱን የሚያደርገው ሰው ሌላ ነው፤ ፎቶው ደረትህ ላይ አለልህ። እኔ ያቺን ሴት አላታልልም። አንድ ልጅ አታልሏታል፣ ይበቃታል።

አሰግድ፦ የራስሽንስ ድምፅ?

አጸደ፦ ባለፈው ሳምንት፣ የቅድሚያ ምርጫው ላይ ሰጥቻለሁ። ወረቀቱን ዘርግቼ ሊያሸንፈው የሚችለውን ሰው ስም ፈለግኩና እርሳሱ እስኪሰበር ድረስ ምልክት አደረግኩበት። የእሷ ለሱ፣ የኔ በሱ ላይ፤ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ከዚህ ቤት ይልማ የሚያገኘው ባዶ ነው። ሂድ፣ መኪናውን አሙቅ፤ እሷን ላለባብሳት።

አሰግድ፦ ባዶ እንኳ አያገኝም። እኔም የዚሁ ሰፈር መራጭ ነኝ፣ እትዬ፤ ገና አልመረጥኩም።