ደኑንም ቤታቸውንም የወደዱት መምህር ኪዳነ ማርያም አላምረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከአዘዞና ከማራኪ መኪና ተሳፍራችሁ፣ ከዚሁ ከመካነ ብርሃን ዙሪያም በእግራችሁ ተጉዛችሁ የደረሳችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ለዛሬው ሰው ከማልቀስ አስቀድሞ ማመስገን ይገባልና፣ እኒህን የመሰለ ሰው ሰጥቶ እስከ ሽምግልና ላቆየልን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ይህን የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም መሪጌታ ዕንባቆም ነው። ድምፁ ቢቆራረጥ ታገሡት፤ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ቢያጋጥማችሁም አትፈሩ፤ እርሳቸው ራሳቸው ልቅሶ ቤት ገብተው ኀዘንተኛውን ሳያስቁ የወጡበት ቀን አይታወቅም።

መምህር ኪዳነ ማርያም ከአባታቸው ከቄስ አላምረው የሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓይናዲስ በ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. በዚሁ በጃናሞራ ተወለዱ። አባታቸው የዚህ ደብር አገልጋይ ስለ ነበሩ ፊደል የቆጠሩትም፣ ዳዊት የደገሙትም በዚህ ቅጽር ውስጥ ነው። ጾመ ድጓ ሲጀምሩ ግን ድምፃቸው ለዜማ አልገራ ብሎ መምህራቸውን ቢያስመርር፣ አባታቸው “ይህ ልጅ ለአስኳላ የተፈጠረ ነው” ብለው ጎንደር ከአክስታቸው ዘንድ አስገቧቸው፤ እርሳቸውም ትምህርታቸውን በሚገባ ፈጽመው በእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርነት ተመረቁ።

ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ በአዘዞ ሲያስተምሩ ኖሩ። በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ከወይዘሮ ይመኙሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ማርያማዊትንና ፍቅርተማርያምን ወለዱ። እኅታችን በዚያ ዘመን በአዘዞ በመልክም በምላስም የሚስተካከላት አልነበረም፤ ይህን ወንድም ስለ ሆነ ነው የሚለው የምትሉ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ።

አንድ ክረምት ለሥልጠና ጎንደር ካለው ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በገቡ ጊዜ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ ስለ ተፈጥሮና ስለ ቀላል ኑሮ የጻፈውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ አገኙ። ጸሐፊው ከከተማ ወጥቶ ከአንድ ሐይቅ ዳር ጎጆ የቀለሰ፣ ባቄላውን ራሱ ዘርቶ የበላ፣ ሰው ለመኖር በእውነት የሚያስፈልገው ምን ያህል ነው እያለ የጠየቀ ሰው ነበር። መምህርም “ይህማ የገዳም አባቶቻችን ነገር ነው፤ የጎደለው ቆብ ብቻ ነው” እያሉ በየራቱ ሰዓት ሲተርኩት፣ ወይዘሮ ይመኙሽ ታግሠው ታግሠው አንድ ቀን “ለመሆኑ የዚህን ሰውዬ ልብስ ማን ያጥብለት ነበር?” ብለው ጠየቁ። መምህር ውሸት አይሆንላቸውምና፣ የእናቱ ቤት ቅርብ ስለ ነበር ልብሱን እርሷ ታጥብለት፣ እርሱም እየሄደ ይበላ ነበር እንደሚባል ተናገሩ። እኅታችንም “ኧረግ! እንዲህ ከሆነስ እኔም ነገ ጫካ እገባለሁ!” አሉ፤ ቤቱም በሳቅ ተሞላ።

በ፳፻፮ ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ግን ነገሩ ሳቅ መሆኑ ቀረ። “በጋውን ብቻ ልቆይ” ብለው እዚህ መጡና ከአባታቸው መሬት ላይ፣ ከደኑ ጥግ ጎጆ ቀለሱ። ድንችና ባቄላ ተከሉ፤ የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኝ አፈሉ፤ ጎህ ሲቀድ ከደጃቸው ተቀምጠው ወፎቹ ሲነሡ ይመለከታሉ። በጋው አልፎ ክረምቱ ገባ፤ ሌላ በጋም መጣ፤ እርሳቸው ግን መልእክት ከመላክ በቀር ወደ አዘዞ አልተመለሱም። የተማረ፣ ቤትና ጡረታ ያለው ሰው ብቻውን በጎጆ ተቀምጦ በሶ እየበጠበጠ፣ ሲያናግሩትም በጥቂቱ የሚመልስ ከሆነ፣ የአገራችን ሰው ይህን የሚጠራበት አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ መምህር መነኑ ተባለ። ከደጃቸው ቆሎ የሚያስቀምጥ፣ ጉልበታቸውን የሚስም፣ የታመመ ልጁን ይዞ “ይባርኩልኝ” የሚል በዛ። እርሳቸውም የመጡት ዝምታን ሽተው ነውና ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውም እንደ እሺታ ተቆጠረ።

ከዚህ በኋላ የደብሩ አባቶች ቆብ አሰፍተው፣ ባለትዳር ያለ ሚስቱ ፈቃድ አይመነኩስምና፣ በደብሩ የዕድሜ ባለጸጋ በአያ ሰውአገኝ መሪነት ሽማግሌ ወደ አዘዞ ላኩ። ወሬው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ስለ ደረሰ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ “እግዜር ያጥናሽ” እያለ ይገባ ጀመር። ባሏ በሕይወት ሳለ የምትጽናና ሴት ምን ትላለች? እኅታችን በልባቸው ተትቼ ይሆን እያሉ ብዙ ወራት የታመሙበት ነገር እነሆ በሰው አፍ ወጣ። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ “አባቶቼ፣ እግዚአብሔር ከፈለገው እኔ ማን ነኝና እከለክላለሁ? ግን ከራሱ አፍ ልስማው” አሉና በማግስቱ አብረዋቸው ተሳፈሩ።

መምህር ድንች ሲኮተኩቱ ሚስታቸውን በሽማግሌዎች ተከበው ቢያዩ፣ ሰው የሞተባቸው መስሏቸው ዶማውን ጣሉ። ነገሩን ሲሰሙማ እንባቸው ቀደማቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም በደጀ ሰላሙ ቆመው፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት “እኔ የይመኙሽ ባል ነኝ። እዚህ የመጣሁት ዓለምን ንቄ አይደለም፤ ማለዳዋን በቅጡ አይቼ ላመሰግን ነው። ዝም ብዬ እናንተን አሳሳትኩ፤ እርሷንም ባሏ በሕይወት ሳለ ኀዘንተኛ አደረግኋት። ይቅር በሉኝ” አሉ። ያን ጊዜ ቅዱስ ሰው አገኘን ያለው ሁሉ ቅር ቢለውም አያ ሰውአገኝ “ምነው መምህር፣ ይህን ሸጋ ነገር ቀድመው ቢነግሩን! ቆቡን እኮ አሰፍተነዋል!” ሲሉ ሕዝቡ ሳቀ፤ እኅታችንም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱን አዘዞ፣ በጋውን እዚህ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሆኑ። እኅታችን ከጎጆው ጀርባ ነጭ ሽንኩርት ተከሉ፤ ወፎቹንም ከባላቸው ይልቅ በስም የሚለዩ እርሳቸው ሆኑ። ከማራኪ የሚመጡ ተማሪዎችን መምህር አስቀድመው ስልካቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው እንዲቀመጡ ያዝዟቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ይቁነጠነጡ ነበር፤ ጥቂቶቹ ግን ዛሬ በየደብሩ ችግኝ የሚያፈሉ ሆነዋል። መንገዱ በሚዘጋበት ጊዜ እንኳ ያላቸው ይበቃቸው ነበር። ስለዚህ ዘመን ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጸናባቸውና ጎንደር ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሙ ወደ ቤት ሲመልሳቸው ልጆቻቸው ምኞታቸውን ያውቃሉና ወደ ደኑ እንውሰድዎ አሉ። የእኅታችን ጉልበት ግን ታሞ ነበርና ያን መንገድ የሚችል አይመስልም ነበር፤ ቢሆንም እኅታችን “ሂድ፤ እኔ እበረታለሁ” አሉ። መምህርም “ይመኙሽ የሌለችበት ደን ለእኔ እንጨት ብቻ ነው” ብለው እንቢ አሉ፤ በአዘዞ ቤታቸው፣ የባጃጁና የአውሮፕላኑ ድምፅ በማይለየው ክፍል ተኝተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ እንዳለ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

የአዘዞ ደብር መቃብር አስቆፍሮ ሲጠብቅ፣ ወይዘሮ ይመኙሽ ግን “እርሱ ለእኔ ብሎ ደኑን ተወ፤ እኔ ለእርሱ ብዬ መቃብሩን ከደጄ ባርቅ ምን አለበት? ውሰዱት” አሉ። ዛሬ እዚህ የቆምነው በዚህ ቃል ነው። እርሳቸውም አይችሉትም የተባለውን መንገድ ችለው እነሆ ከፊታችሁ ተቀምጠዋል።

መምህር ኪዳነ ማርያም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይመኙሽን፣ ልጆቻቸውን ማርያማዊትንና ፍቅርተማርያምን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እጅግ ብዙ ተማሪዎቻቸውንና እኛን ትተው አልፈዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶቻችን ጋር በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ማለዳ ማለዳ ያመሰገኑትን ጌታ ፊት ለፊት ያሳያቸው። እኅታችን ከዚህ ተመልሰው የአዘዞውን ቤት በር ሲከፍቱ፣ እርሱ ጌታ ቀድሟቸው ገብቶ ይጠብቃቸው። አሜን።